የካርታ ደጅ ጥናት

ጎበዜ ካርታ መጫወት የተማረው ለመሸነፍ ነው። ይህን ስል የሚስቅ ሰው አይጠፋም፤ ይሳቅ። በዚያ ዘመን አሰበ ተፈሪ የኖረ ሰው ግን አይስቅም፤ የመንግሥት ወንበር ላይ ተቀምጦ ዝውውር የጠበቀ ሰውማ ጭራሽ አይስቅም።

ጎበዜ የመጣው በአርባዎቹ ማብቂያ ገደማ ነው፣ ከመርሐ ቤቴ። ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ ሰው ነው። እጅ ጽሑፉ ግን ዓይን ይማርክ ስለ ነበር አዲስ አበባ ላይ በጸሐፊነት ተቀጠረና ወደ ሐረርጌ ተመደበ። እስከ ሚኤሶ በባቡር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጠመዝማዛውን መንገድ ወጥቶ ከተማዋ ገባ። አገሬው ጭሮ ይላታል፤ መንግሥት አሰበ ተፈሪ ይላታል፤ ጎበዜ በልቡ «ለጊዜው» ይላት ነበር። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። ሰዎቹ ልጆችና የልጅ ልጆች አሏቸው፣ ጠላት ማፍራትም አልፈልግም።

ሚስቱን ዓይናዲስን ትቷት የመጣው ስላልወደዳት አይደለም። ዓይናዲስ ከአባቷ የወረሰችው ርስት ነበራት፤ ርስቱ ላይ ደግሞ ምራቃቸውን የሚውጡ አጎቶች ነበሯት። ባሏን ተከትላ ሐረርጌ ብትወርድ ዓመት ሳይሞላ «አገር ለቃ ሄዳለች» ተብሎ መሬቷ ይከፋፈል ነበር። ስለዚህ ጡት የሚጠባ ልጇን አቅፋ ቀረች። ስምምነታቸው ግልጽ ነበር። እሷ መሬቱን ትይዛለች፤ እሱ ከደመወዙ እየላከ የክርክሩን ወጪ ይችላል፤ ዓመት ሁለት ዓመት ከሠራ በኋላ ዓለም ከተማ ወይም ፍቼ ተዛውሮ ቤቱ ይገባል። ሲለያዩ ዓይናዲስ አላለቀሰችም፤ ብዙ የሚቆይ መስሎ አልታያትም ነበር።

ጎበዜ የዝውውር ማመልከቻ ጻፈ። በዓመቱ ደግሞ ጻፈ። የመሥሪያ ቤቱ ሹም ባላምባራስ ሞገስ ማመልከቻውን ተቀብለው ጽሑፉን ያደንቁና፣ ለእንግዳ እንኳ ያሳዩና፣ ከሌሎቹ ማመልከቻዎች ሥር ይከቱታል። ሦስተኛውን ሲጽፍ ያየው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሼ በላይነህ ነው። በላይነህ በዚያች ከተማ ያረጀ ሰው ነበር። እጅህን አታድክም አለው፤ ባላምባራስ ሰው የሚለዩት እሁድ ነው፣ ሰኞና ማክሰኞ ቢሮ የሚያዩትን ፊት አያስታውሱትም።

እሁድ ማለት ፖከር ማለት ነበር። ባላምባራስ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ሲሠሩ ከግሪክ ነጋዴዎች የተማሩት ጨዋታ ነው። ቅዳሴ ወጥተው፣ ምሳቸውን በልተው፣ ወይዘሮ አዳነች ጠጅ ቤት ጀርባ ካለችው ክፍል ይገባሉ። በላይነህ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤትና አንድ የጭነት መኪና ያለው ሰው አብረዋቸው ይቀመጣሉ። አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፤ ያልወደደውን የጣለ ምትክ ይወስዳል፤ ከዚያ ገንዘብ ማስያዝ ነው። የጨከነ ይጨምራል፣ የፈራ ካርታውን ደፍቶ ይወጣል። በከተማው ወሬ መሠረት ሹመት፣ ዝውውር፣ የደመወዝ ጭማሪ የሚቆረጠው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ጎበዜ ይህን ሲሰማ አልገረመውም። እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው ነገር ተነገረው። አባቱ በአንድ ደጃዝማች ደጅ ስንት ክረምት ዝናብ የደበደበው ሰው ነው። የሰው ፈረስ እየያዘ፣ ከሎሌ ጋር እየበላ፣ ጌታው ሲወጡና ሲገቡ እጅ እየነሣ ከርሞ ከርሞ አንድ ቀን «ይህ ሰው ምን ይፈልጋል?» ተባለለትና ጉዳዩ ተፈጸመ። ጎበዜ ያደገው ይህን እየሰማ ነው። ሰው ከጌታ የሚፈልገውን የሚያገኘው ደጅ ጠንቶ፣ ታይቶ፣ ተለምዶ፣ ጠቅሞ ነው ብሎ ያምናል። ሌላ መንገድ አያውቅም። እንግዲህ የባላምባራስ ደጅ ካርታ ከሆነ ካርታ ይጠናል አለ።

ችግሩ ገንዘብ ነበር። የደመወዙ እኩሌታ ለዓይናዲስ ዳኞችና ነገረ ፈጆች ይሄዳል፤ የተረፈው ለቤት ኪራይና ለምሳ ሽሮ ነው። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ቁማር እንዴት ይጀምራል? ቆሞ ይጀምራል። ጎበዜ ከበላይነህ ወንበር ኋላ እጁን አጣምሮ፣ ቤተ ክርስቲያን የቆመ ይመስል እሁድን ሁሉ ቆመ። ባለ ገንዘቦቹ ስለ ገንዘባቸው ሲጨነቁ እሱ ፊታቸውን ያይ ነበር። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጥሩ ካርታ ሲይዝ ቀልድ ያበዛል። ባለ መኪናው ሲፈራ ይጠጣል። ባላምባራስ ባዶ ካርታ ይዘው ሲያስፈራሩ ሪዛቸውን ወደ ላይ ይጠቀልላሉ። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ካርታ መግዣ ስላልነበረው ከሲጋራ ካርቶን ቆርጦ ሠራ። ንጉሡን ዘውድ ደፋበት፣ ንግሥቲቱን ሹሩባ ሠራላት፤ እጁ እንደሆነ የታወቀ ነው። ማታ ማታ የተከራያት ክፍል ውስጥ የሦስት ሰው እጅ ለብቻው ያድልና በባቄላ ይጫወታል። አከራዩ ቡሽራ አንድ ቀን የበሩን መዝጊያ ሊጠግን መጥቶ ጨዋታው ላይ ደረሰበት። ቡሽራ ከከተማው ዳር ጥቂት ቡናና ጫት ያለው፣ ሶላቱን የማያጓድል ሰው ነው። ካርታውን አየና ፊቱን አጨማደደ።

«ኦቦ ጎበዜ፣ ይሄ ሐራም ነው» አለው። «አንተ ምን ፈልጎ ነው? መሬት ነው? መሬት እኔ እሰጣለሁ፣ ለእኩል እናርሳለን። ሚስትህ ይምጣ። ልጅህ ይምጣ። እዚህ ቁጭ በል ወላሂ፣ ይሄ ወረቀት ተው።»

ጎበዜ ቀስ ብሎ አስረዳው። ሚስቱ ያላት ተራ መሬት አይደለም፤ የአባቷ፣ የአያቷ አጥንት ያረፈበት ርስት ነው። ቡሽራ ሰማውና አፈር የትም አፈር ነው፣ ልጅ ግን አባቱ አጠገብ ነው የሚያድገው አለው። ጎበዜ ደስ አላለውም። ርስት የሌለው ሰው ስለ ርስት ምን ያውቃል ብሎ በሆዱ ናቀው። ንቀቱ አንጀቴን ያበግነዋል፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ለዚህ ሰው የረባ ምክር የሰጠው ቡሽራ ብቻ ነበርና።

ቆሞ የከረመው ሰው ጨዋታው ውስጥ የገባው በአዳነች ምክንያት ነው። ተጫዋቾቹ ካርታ በሚበውዙበት ጊዜ እየተጠራጠሩ ንትርኩ በዛ። አዳነች ብልህ ሴት ናት፤ ጠጅዋ እንዲሸጥ ሰላም ትፈልጋለች። ይኸ ልጅ ይበውዝላችሁ፣ ገንዘብ የለው፣ ከማን ያዳላል? አለቻቸው። ተስማሙ። ያሸነፈ ሰው ለበዋዡ አንድ ስሙኒ መወርወር ልማድ ሆነ። ጎበዜ ስሙኒዎቹን አልበላባቸውም፤ የአዳነችን ጠጅ አልቀመሰም፤ ስታዝንለት የምትሰጠውን ብርዝ እየጠጣ አጠራቀመ። ባለ መኪናው ቡና ጭኖ ወደ ድሬዳዋ የሄደ ዕለት አንድ ወንበር ባዶ ሆነና ተቀመጠበት፤ ባለ መኪናው ሲመለስም ሌላ ወንበር ተጨመረ።

ሲቀመጥ ሳቁበት። መጀመሪያ ሰሞን ካርታውን እያየ ይደፋል፣ እያየ ይደፋል። ጎበዜ ሁዳዴ ገባ ይሉት ነበር። ሳይደፋ ሲቀር ግን ጥሩ ካርታ ይዟል ማለት ነው። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ቀልድ በበዛ ጊዜ ይሸሻል፤ ባለ መኪናው መጠጥ ሲያዘወትር ይጨምርበታል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ይቃርም ጀመር። ጀግና ተጫዋች ሆነ ብሎ መናገር ይቻላል። ጀግንነቱ ግን የት እንደ ገባ ልንገራችሁ፤ ከሌሎቹ የቃረመውን ሁሉ መልሶ ለባላምባራስ ያስረክበው ነበር።

ማሸነፍ ብዙ ሰው ይችላል። እያሸነፉ መሸነፍ፣ ያውም አሸናፊው ሳያውቅ፣ ከባድ ሥራ ነው። ቶሎ የደፉ እንደሆነ ባላምባራስ ይሰለቻሉ። ሁልጊዜ የተሸነፉ እንደሆነ ይንቃሉ። ስለዚህ ጎበዜ አንዳንዴ ትንሿን ይወስድባቸዋል፣ ያበሳጫቸዋል፣ ያፋልማቸዋል፤ ትልቁ ሲቆለል ግን ላብ እስኪያጠምቀው ተጨንቆ፣ አመንትቶ፣ በመጨረሻ ይረታላቸዋል። ባላምባራስ እንዲያ ያለውን እሁድ ውለው ሲወጡ እንደ ሙሽራ ነበሩ። ቤታቸው እስኪደርሱ ስለዚያ ጨዋታ ያወራሉ፤ ጎበዜ ኮታቸውን ይዞ ከጎናቸው እየሄደ አዎን ጌታዬ፣ አዎን ጌታዬ ይላል።

እየተወደደ ሄደ። ባላምባራስ ለሥራ ወደ ገለምሶ ወይም ወደ መቻራ ሲወጡ «ጎበዜ ይምጣ» ማለት ለመዱ። ጎበዜም በዚያ ወገብ በሚሰብር መንገድ ተንገላትቶ ይደርሳል፤ የቡና ጆንያ በተደረደረበት የነጋዴ ግቢ ሣጥን ተገልብጦ ካርታ ይታደላል። ከሹሙ ጋር ከአንድ ሳህን ይበላል፤ እሳቸው በተኙበት ክፍል መሬት ላይ አንጥፎ ይተኛል። አባቱ ይህን ያህል ለመቅረብ ስንት ክረምት እንደ ፈጀበት ያሰላና ልቡ ይሞላል። ለዓይናዲስ «ነገሩ ተቃርቧል» ብሎ ይልካል። ይህን ቃል በየዓመቱ ላከው። እሷም በየዓመቱ አንድ እርሻ፣ አንድ መደብ እያጣች ጠበቀችው።

አንድ ታኅሣሥ ከመርሐ ቤቴ ወደ ቁልቢ የሚሄድ ቄስ መልእክቷን ይዞ መጣ። አጎቶቿ በመጨረሻ ዋናውን ክስ አምጥተዋል። ባሏ ጥሏት የጠፋ ነው፣ መሬቱን የሚያርስና ግብሩን የሚገብር ወንድ የለም፣ ስለዚህ ርስቱ ለእኛ ይመለስ ብለዋል። ዳኛው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ቀጥሮ ባል ካለሽ አቅርቢው ብሏታል። ለቀጠሮ ብቻ መጥተህ የምትመለስ ከሆነ ግን አትድከም ብላ ነበር ዓይናዲስ። የሚፈለገው እዚያው የሚኖር ሰው ነው። ልጁ ደግሞ አድጎ ስለ አባቱ መጠየቅ ጀምሯል።

ያን ሰሞን ዓለም ከተማ ላይ የጸሐፊ ቦታ መለቀቁ ተሰማ። ጎበዜ እንባው መጣ። ሥራውን ጥሎ ለምን አልሄደም የሚል ሰው ይኖራል። ጥሎ ቢሄድ ደመወዝ የለ፣ ክርክሩ በምን ይከፈላል? ከዚያም ይበልጥ ደግሞ፣ ይህን ያህል ዘመን የጠናው ደጅ ሊከፈት ሲል ትቶ መሄድ ለእሱ እብደት ነበር። ከገለምሶ ሲመለሱ መኪናው ተበላሽቶ መንገድ ዳር ሲቀመጡ ለባላምባራስ ሁሉንም ነገራቸው። ስለ ዓይናዲስ፣ ስለ ርስቱ፣ ስለ ቀጠሮው ነገራቸው። ባላምባራስ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሆዳቸው ባባ፣ ትከሻውን ያዙት፤ አይዞህ፣ እናየዋለን አሉት።

የሚዛወሩትን ሰዎች ስም የያዘው ደብዳቤ ሐረር ሊሄድ አንድ እሁድ ቀረ። ጎበዜ የወሩን ደመወዝ እንዳለ ይዞ ገባ። ለዓይናዲስ የሚላከው ሳይቀር ኪሱ ውስጥ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ባላምባራስን ደስ ሊያሰኝ፣ ደስታቸው ሳይበርድ ደብዳቤው ሊፈረም ነው ሐሳቡ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ካርታው ታደለ። ጎበዜ ሁለት ጥሎ ሁለት ተቀበለ፤ ቀስ ብሎ ገልጦ ሲያይ አራቱም ነገሥታት እጁ ገብተዋል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ እጅ ይዞ አያውቅም። ሌሎቹ ፈርተው ወጡ። ባላምባራስ ሪዛቸውን ወደ ላይ ጠቅለል አደረጉና ጨመሩ። ባዶ መሆናቸውን ጎበዜ ያውቃል። እሱም ጨመረ። ደመወዙ አልቆ ጠረጴዛው ላይ እስኪቆለል ድረስ ጨመረ። ከዚያ ብዙ አሰበ፣ ግንባሩን ጠረገ፣ ነገሥታቱን በፊታቸው ደፍቶ አስቀመጣቸው።

«አሸነፉኝ ጌታዬ» አለ።

አዳነች ከኋላው ቆማ ካርታውን አይታ ነበር። ብርሌ የምትሰበስብ መስላ ፊቷን አዞረች። ባላምባራስ ግን በዚያ ቀን የተደሰቱትን ያህል በሹመታቸው ቀን እንኳ አልተደሰቱም።

ደብዳቤው በሳምንቱ አጋማሽ ተነገረ። ዓለም ከተማ የተዛወረው ዘገየ የሚባል ሌላ ጸሐፊ ነው። ዘገየ የወሎ ሰው ነው፤ መርሐ ቤቴን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ጭሮ ላይ አግብቶ ቤት ሠርቷል። ካርታ አይነካም፣ ከሹሙ ጋር በየቀኑ ይጨቃጨቃል፣ በስብሰባ ላይ ይመልስላቸዋል። አልሄድም ብሎ ቢሮ ውስጥ ጮኸ፤ ሚስቱም መጥታ አለቀሰች። ማንም አልሰማቸውም።

ጎበዜ ባላምባራስ ቢሮ ገብቶ ቆመ። ብዙ ሊናገር አስቦ ነበር፤ አፉ ላይ የመጣው ግን «ጌታዬ፣ የእኔስ?» የሚል ብቻ ሆነ።

ባላምባራስ ገረማቸው። ተነሥተው አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳቡለት። «ዘገየን እኮ የሰደድኩት ዓይኑን ማየት ስላስጠላኝ ነው» አሉት። «አንተን ምን አድርገኸኝ ልስደድህ? አንተ ከሄድክ እኔ እሁድን ከማን ጋር ልውል ነው? እኔ ወንድም የለኝም ጎበዜ፤ አንተን ነው ያገኘሁት።»

ጎበዜ በተሳበለት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሰውዬው አልዋሹትም። ከልባቸው ነው የወደዱት። የአባቱ ደጃዝማች፣ ደጅ የጠናውን ሰው የሚሸኙት ጉዳዩን ፈጽመውለት ነበር፤ ባላምባራስ ግን ደጃቸው ላይ ያለውን ሰው አለመሸኘት ነው ደግነት የሚመስላቸው። ይህን ያህል ዓመት የሠራው ነገር ምን እንደሆነ በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ ገባው። በገዛ እጁ፣ በዚያ በሚያምረው እጁ፣ ራሱን አስሮ ነበር።

እንግዲህ ለመሄድ መጠላት ያስፈልጋል አለ። መሳደብ ሞከረ፣ አልቻለም፤ ያደገበት አይደለም። የሚችለው አንድ ነገር ካርታ ነው። ከበላይነህ ተበድሮ በሚቀጥለው እሁድ ገባና ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ጨዋታውን ተጫወተ። ሪዛቸው በተጠቀለለ ቁጥር ጨመረባቸው። ዝም ባሉ ቁጥር ሸሻቸው። ሳይመሽ የባላምባራስ ኪስ ተራቆተ። ባላምባራስ ደም ሥራቸው ተገትሮ ጎበዜን አዩት፣ ጎበዜም ተስፋ አደረገ። ቁጣቸውን እንደ ምሕረት ጠበቀው።

ባላምባራስ ሳቁ። ጠረጴዛውን እየደበደቡ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «አያችሁት? እኔ ነኝ ያስተማርኩት!» አሉ። አዳነችን በግ እንድታሳርድ አዘዟት። በማግስቱ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ አወሩት፤ ሐረር ላሉ አለቆቻቸው ሳይቀር እንዲህ ያለ ሰው አለኝ እያሉ ተኩራሩበት። ከዚያ ወዲያ የዝውውር ነገር ማንሣት ጭራሽ ነውር ሆነ።

ያሸነፈውን ገንዘብ ሁሉ ለዓይናዲስ ላከ። ገንዘቡ መንገድ ላይ ሳለ ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ።

ክረምቱ ሲገባ ወደ ጅጅጋ ጦር ክፍሉ የሚመለስ የአገሩ ወታደር ቢሮ ድረስ መጥቶ አገኘው። ወታደሩ መልእክቱን ለመናገር አፍሮ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ አወራ። ከዚያ ነገረው። ርስቱ ተወስዷል። ዓይናዲስ ለቤቷ መቆሚያ የምትሆን ጥግ እንዲተውላት ብላ ከአጎቶቿ ወገን የሆነ ሰው አግብታለች። ሌላም ነገር ልካለች፤ ልጁን በሚመለከት።

«ለልጁ አባትህ ሐረርጌ ታስሯል ብላዋለች» አለው ወታደሩ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «አባቱ የታሰረበት ልጅ አይሰደብም። አባቱ የረሳው ልጅ ግን ከብት ጥበቃ ላይ እንኳ አያስጠጉትም። ስለዚህ ጎበዜ ድንገት እንኳ አገር ቤት ቢመጣ መንደሩ እንዳይደርስብኝ፣ ልጄን ውሸታም እንዳያደርግብኝ ብላለች።»

ወታደሩ ቆቡን በእጁ ያገላብጥ ጀመር።

«ደግ አድርጋለች» አለ ጎበዜ። «አልዋሸችውም።»

ወታደሩን ምሳ ጋበዘው፣ ለመንገዱም ጥቂት ፍራንክ ሰጠው። እሁድ ሲደርስ ዝናብ ስለ ነበር ቤቱ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የባላምባራስ ሎሌ ጃንጥላ ይዞ በሩን አንኳኳ፤ ጌቶች ካርታውን ይዘው እየጠበቁህ ነው አለው። ጎበዜ ኮቱን ለበሰና ተከተለው።